ከ«ወፌ ቆመች» በኋላ፦ ለትንሽ ልጅ ሩጫና የሰውነት ቅንጅት የትኛው ጨዋታ ይሻላል?

ሕፃን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድጋፍ ሲቆም ቤተሰቡ በሙሉ «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያለ ያጨበጭባል። ድክ ድክ ማለት ሲጀምርም እናት ከአንድ ጥግ፣ አያት ከሌላው ጥግ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። ከዚያ በኋላ ግን ጭብጨባው ይቆማል። ልጁ አንዴ መራመድ ስለቻለ መሮጡን፣ መዝለሉን፣ መወርወሩንና መቅለቡን ጊዜው ሲደርስ ራሱ ያመጣዋል ተብሎ ይታሰባል። እነዚህ ክህሎቶች ግን ዕድሜ ብቻ የሚያመጣቸው አይደሉም። አጥንትና ጡንቻ ሲጠነክር መሠረቱ ይጣላል፤ በመሠረቱ ላይ የሚሠራው ነገር የሚገኘው በብዙ ሺህ ጊዜ ድግግሞሽ ነው፤ የትንሽ ልጅ ድግግሞሽ ደግሞ ጨዋታ ነው። ስለዚህ የትኛውን ጨዋታ፣ በየትኛው ዕድሜ፣ በምን ዓይነት ቦታ እንደምንመርጥ ማሰብ ለወላጅም ሆነ ለአፀደ ሕፃናት መምህር ተገቢ ነው።

በቅድሚያ አንድ ሥር የሰደደ አስተሳሰብ ማንሣት ያስፈልጋል። «የእኛ ልጆች ሩጫ በደማቸው አለ» የሚለው አባባል ደስ ያሰኛል፤ ወላጅን ግን ያዘናጋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በአሰላ አካባቢ ሲያድግ 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ፣ እየሮጠም ይመለስ እንደነበር በሰፊው ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ፣ በ2000 ደግሞ በሲድኒ የ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ሲወስድም የግራ ክንዱ ዛሬም ደብተር እንደታቀፈ ሁሉ ወደ ደረቱ ተጠግቶ ይታይ ነበር። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው የበቆጂ አካባቢም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ልጆች ከብት ሲያግዱና መንገድ ሲያቋርጡ የሚውሉበት ደጋ ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድግ፣ ጠዋት ሰርቪስ ከበር የሚወስደው፣ ማታም እዚያው የሚያራግፈው ልጅ ያንን ሜዳ በደሙ አልወረሰም። ለእርሱ ሜዳውን በጨዋታ መተካት ያለበት ወላጁ ነው።

በምን እንመዝን?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያሳልፉ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ትንፋሽ የሚያፋጥን እንዲሆን ይመክራል፤ በስክሪን ፊት ተቀምጦ የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ያሳስባል። ሦስት ሰዓት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ሳይሆን በቀኑ ውስጥ አሥር ደቂቃም ሃያ ደቂቃም እየሆነ የሚከማች ነው። ቁጥሩን ካወቅን በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ያ ጊዜ በምን እንደሚሞላ ነው።

እኔ ጨዋታዎችን ሳወዳድር ከሁሉ አስቀድሜ የምመለከተው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በአሥር ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ስንቱን ደቂቃ በእርግጥ እየተንቀሳቀሰ እንዳሳለፈ ነው። ሃያ ልጆች ተሰልፈው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚሮጡበት ጨዋታ ለተመልካች ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ ልጁ ግን አሥር ሰከንድ ሮጦ ሁለት ደቂቃ ያህል ተሰልፎ ይቆማል። ቀጥሎ የማየው ጨዋታው ከሰውነት የሚጠይቀውን ነው፦ መነሣትን፣ መቆምን፣ አቅጣጫ መለወጥን፣ በአንድ እግር ሚዛን መጠበቅን፣ ዓይንንና እጅን ማቀናጀትን። አንድ ጨዋታ ሁሉንም አይጠይቅም፤ ስለዚህም ነው ማነጻጸር የሚያስፈልገው። ዕድሜ ሦስተኛው መለኪያ ሲሆን ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በእርሱ ላይ ነው፤ የስድስት ዓመት ልጅ የሚወደውን ጨዋታ ለሦስት ዓመት ልጅ ሰጥተው ሲያቅተው «ይህ ልጅ ቀርፋፋ ነው» ይላሉ።

ዎከር ወይስ ወለል?

ሩጫ የሚጀምረው ከመራመድ በፊት ስለሆነ ምርጫውም ከዚያ ይጀምራል። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ቶሎ እንዲሄድ በማሰብ ጎማ ያለው ዎከር ይገዛል። በእኔ አስተያየት ይህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ አይግዙ። ዎከር ውስጥ ያለ ሕፃን ሰውነቱን የሚሸከምለት መቀመጫው ስለሆነ ሚዛን መጠበቅን አይለማመድም፤ በጣቱ ጫፍ መግፋትን ይለምዳል፤ ከደረጃ ላይ ተንከባልሎ የመውደቅ አደጋውም ከባድ ነው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 የዎከርን ሽያጭ ከልክላለች። በምትኩ ምንጣፍ የተነጠፈበት ወለል፣ ተደግፎ የሚቆምበት ሶፋ፣ እየገፋ የሚሄደው በርጩማ ወይም በመጠኑ ከበድ ያለ ካርቶን ይበቃዋል። ያለ ድጋፍ መራመድ በጤነኛ ልጆች ከ8 ወር ገደማ እስከ 18 ወር ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ በየትኛውም ወር ሊጀመር ስለሚችል የጎረቤት ልጅ መቅደሙ ሊያስቸኩለን አይገባም።

የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ

በሁለት ዓመት አብዛኛው ልጅ መሮጥና ኳስ መምታት ይጀምራል፤ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በሁለት እግሩ ከመሬት ይነሣል። የዚህ ዕድሜ ሩጫ ግን ገና የፈጠነ እርምጃ ነው፤ እግሮቹ ተራርቀው ይረግጣሉ፣ እጆቹ ወደ ላይ ተነሥተው ይቀራሉ፣ ማቆም ሲፈልግም የሚያቆመው ግድግዳ ወይም የእናቱ ጉልበት ነው። ስለዚህ ለዚህ ዕድሜ የሚመረጠው ጨዋታ ፍጥነትን ሳይሆን መነሣትንና መቆምን የሚያለማምድ መሆን አለበት። ዘፈን ሲሰማ መሮጥ፣ ዘፈኑ ሲቋረጥ እንደ ሐውልት መቆም፤ የሳሙና አረፋ እየነፉለት እያሳደደ እንዲያፈርጥ ማድረግ፤ እንደ ጥንቸል ወደ በሩ፣ እንደ ዝሆን ወደ መስኮቱ መሄድ፤ እነዚህ ሁሉ ለአባሮሽ ያዘጋጁታል። አባሮሽ ራሱ ግን ለዚህ ዕድሜ ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻ ሲሆን ይሻላል፤ የሁለት ዓመት ልጅ መባረርን ይወዳል፣ በብዙ ልጆች መከበብን ግን ይፈራል።

እሽቅድምድም ወይስ አባሮሽ?

አንድ ወላጅ ልጁን ሩጫ ሊያስተምር ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣለት «ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ማን ይቀድማል?» የሚለው ነው። በአፀደ ሕፃናት አስተማሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት በየዓመቱ የስፖርት ቀን እናዘጋጅ ነበር፤ ከእነዚያ ቀናት በአንዱ አራት ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ ከሁሉ ቀድማ ስትሮጥ ቆይታ መሀል ላይ ቆመች፣ ዞር ብላም ወደ ኋላ የቀረችውን ጓደኛዋን ጠበቀች። አዋቂዎች ከዳር ሆነው «ሩጪ! ሩጪ!» እያሉ ጮኹባት። ልጅቷ ግን ከጓደኛዋ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛ መስመሩን ስታልፍ ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። በዚያ ዕድሜ ለልጅ ሩጫ አብሮ መሆን እንጂ መቅደም አይደለም፤ ጥፋቱ የጨዋታው አመራረጥ፣ ማለትም የእኛ ነበር።

እሽቅድምድም ከሰውነት የሚጠይቀው ቀጥታ መስመርን ብቻ ነው። ልጁ ሲሮጥ ክርኑ መታጠፉን፣ ቀኝ እጁ ከግራ እግሩ ጋር መሄዱን፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለቱም እግሮቹ ለቅጽበት ከመሬት መነሣታቸውን ከጎን ሆኖ ለማየት ለሚፈልግ ወላጅ ጥሩ መስታወት ነው። እንደ መለማመጃ ግን ደካማ ነው፤ አንድ ልጅ ያሸንፋል፣ የቀሩት ይሸነፋሉ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መጨረሻ የወጣ ልጅም በአራተኛው «እግሬን አመመኝ» ይላል።

አባሮሽ ከዚህ የተለየ ነው። የሚባረረው ልጅ አሳዳጁ ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቅ ድንገት ይነሣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ትከሻውን አዙሮ እያየ ይሮጣል፣ ሊይዘው ሲል ጎንበስ ብሎ ያመልጣል። አሳዳጁም የሌላውን ሰውነት አንብቦ ወዴት እንደሚዞር ይገምታል። ይህ ሁሉ ቅንጅት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደጋግሞ ይፈጸማል። ከዚህም በላይ የትንሽ ልጅ አካል የተሠራው በአጭር አጭር ፍንዳታ ሮጦ፣ ጥቂት አርፎ፣ እንደገና ለመሮጥ ነው፤ አባሮሽም በተፈጥሮው እንዲሁ ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ ሰባት ዓመት ላለ ልጅ ሩጫን ለማዳበር አንድ ጨዋታ ብቻ ምረጪ ብባል ያለማመንታት የምመርጠው አባሮሽን ነው።

ሆኖም አባሮሽ በሕጉ ይበላሻል። «የተያዘ ይወጣል» የሚለው ሕግ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚያዘው መሮጥ የሚከብደው ልጅ ነው፤ እርሱ ዳር ተቀምጦ ሲያይ ፈጣኖቹ ተጨማሪ አሥር ደቂቃ ይለማመዳሉ። ልምምዱ ከሁሉ በላይ ለሚያስፈልገው ልጅ የምንሰጠው መቀመጫ ነው ማለት ነው። በልደት በዓል ላይ የምናዘወትረው የወንበር ጨዋታም ተመሳሳይ ጉድለት አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተያዘው ልጅ እጁን ዘርግቶ ይቆም፤ ጓደኛው ሮጦ ሲነካው ነፃ ይውጣ። ወይም እያንዳንዱ ልጅ ወገቡ ላይ የጨርቅ ቁራጭ እንደ ጅራት ሰክቶ ሌሎች ይንጠቁት፤ ጅራቱ የተነጠቀበት ልጅ ሌላ ጅራት ወስዶ ይመለስ። ጅራት መንጠቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ በአባሮሽ ወቅት ጀርባ ላይ የሚደርሰውን ግፊትና ግፊቱ የሚያስከትለውን መውደቅ ይቀንሳል።

አኩኩሉ ብዙ ጊዜ ከአባሮሽ ጋር እኩል ይቆጠራል፤ አይደለም። ፈላጊው ዓይኑን ሸፍኖ «ኩኩሉ!» ሲል፣ ተደባቂዎቹም «አልነጋም!» እያሉ ሲበተኑ ጥሩ ሩጫ አለ፤ ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ጊዜ ጸጥ ብሎ መጠበቅ ነው። በሩጫ መጠን ስንመዝነው አኩኩሉ ያንሳል። ነገር ግን ጠባብ ቦታ ውስጥ መጎንበስን፣ በደረት መሳብን፣ በጸጥታ ቀስ ብሎ መርገጥን ስለሚያለማምድና መያዝን አጥብቆ ለሚፈራ ልጅ ፍርሃቱን ስለሚያለዝብለት እንደ መሸጋገሪያ እመርጠዋለሁ። ተደባቂው ፈላጊውን ቀድሞ መነሻውን እንዲነካ የሚያደርገው ሕግ ከተጨመረበት ደግሞ ሩጫው ከፍ ይላል። ሌባና ፖሊስ ከአምስት ዓመት በላይ ላሉት ጥሩ ነው፤ ቡድኑና ሕጉ ስለሚበዛ ለትንንሾቹ ከሩጫው ይልቅ ክርክሩ ይበዛል።

ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ እና ሱዚ

ሩጫ በእርግጥ ተከታታይ የአንድ እግር ዝላይ ነው። ስለዚህ በአንድ እግሩ መቆም ያልቻለ ልጅ ሩጫው ሁልጊዜ ከባድና ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ከሦስቱ የዝላይ ጨዋታዎች መካከል ለትንሽ ልጅ የሚቀድመው ሰኞ ማክሰኞ የሆነው ለዚህ ነው። በጠመኔ ወይም በከሰል የሚሠመር፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቻ የሚፈልግ ይህ ጨዋታ በአንድ እግር እንጣጥ ማለትን፣ በሁለት እግር ማረፍን፣ በአየር ላይ መዞርን፣ በአንድ እግር ቆሞ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ማንሣትን በአንድነት ይጠይቃል፤ ድንጋዩን ከሣጥኑ ሳይወጣ መወርወሩም የእጅን ኃይል መመጠን ያስተምራል። አብዛኛው ልጅ በአንድ እግሩ መዝለል የሚችለው አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። ለሦስት ዓመት ልጅ ስለዚህ ሣጥኖቹን አስፍቶ በሁለት እግር ብቻ እንዲዘልቃቸው ማድረግ፣ ለአራት ዓመት ልጅ ሁለት ሣጥን ብቻ በአንድ እግር እንዲሞክር መፍቀድ፣ ድንጋዩን ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ መጨመር ይሻላል። ልጁ የሚወደውን እግር ብቻ እንዳይጠቀም «ስንሄድ በቀኝ፣ ስንመለስ በግራ» የሚል ሕግ ማከል ብዙ ጥቅም አለው።

ገመድ ዝላይ በትንፋሽና በምት ከሰኞ ማክሰኞ ይበልጣል፤ የሚያስቸግረው ልጁ ራሱ እያዞረ ራሱ ሲዘል እጅና እግሩ ሁለት የተለያየ ሥራ በአንድ ምት መሥራት ስላለባቸው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ይህን መጠበቅ ልጁን ያስመርረዋል። ሁለት ሰዎች ረጅም ገመድ ይዘው ሳያዞሩ ቀስ ብለው እንደ እባብ ወለል ላይ ቢያወዛውዙትና ልጁ ቢሻገረው አራት ዓመት የሞላውም ይጫወተዋል። ሱዚ፣ ማለትም ላስቲኩ ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት፣ ከባት ወደ ጉልበት እያደገ የሚዘለልበት ጨዋታ፣ የእርምጃ ቅደም ተከተልን በማስታወስ ረገድ አቻ የለውም፤ የሚስማማውም ትምህርት ቤት ለገቡ ልጆች ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሰፈራችን ሰኞ ማክሰኞና ሱዚ «የሴት»፣ ኳስና ጎማ መንዳት «የወንድ» ተብለው ተከፍለዋል። ውጤቱም በግልጽ ይታያል፦ ብዙ ሴት ልጆች ሚዛናቸውና ዝላያቸው ያማረ ሆኖ ኳስ ሲወረወርላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ብዙ ወንዶች ልጆችም ኳስ ተከትለው ሲሮጡ ውለው በአንድ እግር አምስት ጊዜ መዝለል ያቅታቸዋል። ሁለቱም ግማሽ ትምህርት ነው የተሰጣቸው። ወንድ ልጅዎ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወት «ይሄ የሴት ነው» የሚል ዘመድ ቢገጥምዎት ዝም ብለው አይለፉት።

ኳስ፦ የጨርቅ ወይስ የተነፋ?

ከካልሲና ከአሮጌ ጨርቅ የሚሠራው ኳስ የድህነት ምትክ ተደርጎ ይታያል። ለትንሽ ልጅ ግን ከተነፋው ኳስ የተሻለ ነው። ነጥሮ አይሸሽም፣ ፊት ቢመታ አያሳምምም፣ ቀስ ብሎ ይንከባለላል፤ ልጁም እያሳደደው ከመድከም ይልቅ ደጋግሞ ይመታዋል። ኳስ መቅለብ ከመወርወርና ከመምታት የሚዘገይ ክህሎት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ክንዶቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ኳሱን ደረቱ ላይ ያቅፋል፤ ትልቅ ኳስን አብዛኛውን ጊዜ መያዝ የሚችለው በአራት ዓመት ገደማ ነው፤ በእጆቹ ብቻ መያዝ ደግሞ ከዚያም በኋላ ይመጣል። በጠንካራ ኳስ ፊቱን የተመታ ልጅ ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ማስተው ከማስተማር ይከብዳል። ስለዚህ ለመቅለብ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ በመጀመሪያ ወደ ላይ ተወርውሮ ቀስ እያለ የሚወርድ የእናት ሻሽ፣ ቀጥሎ ፊኛ፣ ቀጥሎ ትልቅ የጨርቅ ኳስ፣ በመጨረሻም የሚነጥር ኳስ። ፊኛ ሲፈነዳ ቁራጩን ወዲያው ማንሣት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ልጅ ወደ አፉ ከወሰደው ሊያንቀው ይችላል።

ለመወርወር ግን ዒላማ ያስፈልጋል፦ ባልዲ፣ ቅርጫት፣ ግድግዳ ላይ የተሣለ ክብ። ልጁ በቀኝ እጁ ሲወረውር በግራ እግሩ ወደ ፊት መርገጡን ይመልከቱ፤ በቀኙ የሚረግጥ ከሆነ ማረም ሳይሆን ከዒላማው ትንሽ ማራቅ ይበቃል፤ ርቀቱ ራሱ እግሩን ያስቀይረዋል። ብይና ቅልብልቦሽ ለጣትና ለዓይን እጅግ ጥሩ ቢሆኑም ቁጭ ተብሎ የሚሠሩ ስለሆኑ በሩጫ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም።

ጎማ መንዳት በዚህ መካከል ልዩ ቦታ አለው። ልጁ አሮጌ ጎማ በዱላ እየመታ ሲሮጥ እግሩ ከጎማው ፍጥነት ጋር፣ እጁ ከአቅጣጫው ጋር፣ ዓይኑ ከፊት ካለው መንገድ ጋር መስማማት አለበት፤ ሩጫንና ቅንጅትን እንዲህ በአንድነት የሚያሠራ ሌላ የሰፈር ጨዋታ አላውቅም። ከስድስት ዓመት በላይ ላለ ልጅ ከማንኛውም ውድ መጫወቻ በፊት እመርጠዋለሁ። ጎማው ሲያመልጥ ልጁ ተከትሎት አስፋልት ውስጥ ስለሚገባ ግን መኪና በማያልፍበት ግቢ ወይም ሜዳ ብቻ ይሁን። በአዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በሚካሄድባቸው እሑዶች ጎዳናው ለመኪና ስለሚዘጋ ለጎማም ለብስክሌትም መልካም አጋጣሚ ነው።

ገንዘብ የሚከፈልባቸው ምርጫዎች

የቅዳሜ የእግር ኳስ ሥልጠና ለአምስት ዓመት ልጅ መክፈል ይገባል ወይ ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። ከመክፈልዎ በፊት ሄደው ግማሽ ሰዓት ቆመው ይመልከቱ፤ ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኳስ ከተጫወቱ መልካም ነው፤ ሃያ ልጅ በአንድ ኳስ ዙሪያ ከተሰለፈ ግን ያ ገንዘብ ለሌላ ነገር ይዋል። በሳምንት አንድ ቀን የሚሰጥ የትኛውም ሥልጠና የቀሩትን ስድስት ቀናት አይተካም።

ትራምፖሊን ልጆች ይወዱታል፤ ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለቤት መዝናኛነት እንዳይውል ይመክራል። ከስድስት ዓመት በታች ያሉት በተለይ ይጎዳሉ፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም ብዙ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲዘሉ ነው፤ ከባዱ ልጅ ሲያርፍ ቀላሉ ይወረወራል። ከብስክሌት ደግሞ ፔዳል የሌለው፣ ልጁ በእግሩ እየገፋ የሚሄድበት ዓይነት ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማ ካለው ይሻላል፤ ደጋፊ ጎማ ሚዛንን ስለሚሸከም ልጁ ፔዳል መምታት እንጂ ብስክሌት መንዳት አይማርም። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ የትንሽ ብስክሌት ፔዳሎች በመፍቻ ይፈታሉ፣ መቀመጫውም እግሩ መሬት እስኪነካ ዝቅ ይላል።

ቦታና ጫማ

ለሩጫ የሚመረጠው ሣር ወይም ያልደነደነ አፈር ነው። ኮብልስቶን ደረቅ ሲሆን ለቁርጭምጭሚት ጥሩ ፈተና ነው፤ ዝናብ ሲነካው ግን ያንሸራትታል። የቤት ሴራሚክ ላይ በካልሲ ማስሮጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባዶ እግር እዚያ ይሻላል። በክረምት ዝናብ ወራት፣ እንዲሁም በሚኒሶታ በረዶ ወይም በዱባይ የበጋ ሙቀት ቤት ውስጥ ለሚውሉ ልጆች፣ ወለል ላይ በፕላስተር የተሠመረ ሰኞ ማክሰኞ፣ ትራስ ለትራስ መሻገርና የሻሽ ቅለባ ሰዓቱን ይሞላሉ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝላዩ ምንጣፍ ላይ፣ ሰዓቱም ከምሽቱ በፊት ይሁን።

ባዶ እግርና ጫማን ስናነጻጽር መልሱ እንደ መሬቱ ይለያያል። ንጹሕ ወለል ወይም የታወቀ ሣር ላይ በባዶ እግር መጫወት የእግር ጣቶችን ያጠነክራል፣ ሚዛንንም ያሻሽላል። በደጋው ቀይ አፈር ላይ ግን ለዓመታት በባዶ እግር መኖር ፖዶኮኒዮሲስ የተባለውን የእግር እብጠት እንደሚያመጣ፣ ጫማና እግር መታጠብም እንደሚከላከለው ይታወቃል፤ መንጠቆ ትልም በባዶ እግር በኩል ይገባል። ስለዚህ ውጭ ጫማ፣ ቤት ባዶ እግር። ሸበጥ ለሩጫ አይሆንም፤ ልጁ እንዳይወልቅበት ጣቱን ስለሚያጥፍ እርምጃው ይበላሻል። «ለከርሞም ይሆነዋል» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ መግዛትም እንዲሁ ያደናቅፈዋል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ ግን ጉዳዩ የጨዋታ ምርጫ አይደለም። ልጁ ቀድሞ ይችለው የነበረውን እንቅስቃሴ ካጣ፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን ካነከሰ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የእግሮቹ መንጋደድ እየባሰ ከሄደ ወይም ሦስት ዓመት ሞልቶት መሮጥ ካልጀመረ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። በትንሽ ልጅ የሚታየው ጠፍጣፋ ውስጠ እግር ግን ብዙውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር ይስተካከላል።

መሮጥ ለሚሸሽ፣ አምስት ዓመት ገደማ ለሆነው ልጅ ከየት እንጀምር ለሚለኝ ወላጅ የምሰጠው ምርጫ ይህ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ማክሰኞና ሻሽ፣ ሌሎች ልጆች ሳያዩት፣ ከወላጁ ጋር። በሁለተኛው ሳምንት አኩኩሉ፣ መነሻ የመንካት ሕግ ተጨምሮበት፣ ከሁለት ወይም ከሦስት ልጆች ጋር። በሦስተኛው ጅራት ነጠቃ። ሜዳውን በአራት ድንጋይ ከልለው ይጀምሩ፤ አሳዳጁ እርሱ ሲሆን አንድም ጅራት ሳይነጥቅ ከደከመ ድንጋዮቹን ያቀራርቡ፤ ተባራሪ ሆኖ በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከተነጠቀ ደግሞ ያራርቋቸው።